አራተኛዋ ፖምፓ

አባይ በረሃን ጭኖ የሚወጣ ሹፌር ሞተሩን በመቀመጫው ነው የሚሰማው። ጆሮ ኋላ ነው የሚደርሰው።

ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣት ከጀመርኩ ሩብ ሰዓት ቢሆነኝ ነው። ከኋላዬ አርባ ኩንታል ጤፍ አለ። ወሩ መጋቢት፣ ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት፣ ሙቀቱን አትጠይቁኝ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጫለሁ፣ መኪናዋ ግን እየሳሳች መጣች። መጀመሪያ ከመቀመጫዬ ሥር ያለው ንዝረት ቀጠነ። ከዚያ ሁለቴ ሳለች። አንደኛ አስገባሁላት፣ ጥቂት ሜትር ጎተተች፣ ከዚያ ዝም። ረዳቴ ምንም ሳልለው የጎማ ታኮውን ይዞ ዘሎ ወርዷል።

የናፍጣ ፖምፓዋ አዲስ ነበረች። አምስት ሳምንቷ።

በአሥራ አንድ ወር ውስጥ አራት ፖምፓ አየሁ። አንዷ ከመኪናዋ ጋር የመጣችው ናት፣ ሁለቱ «አዲስ» ተብለው የተሸጡልኝ ናቸው፣ አራተኛዋን ምን ብዬ እንደምጠራት ገና አልወሰንኩም። ይህን የምጽፈው ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ደውሎ «ሶማሌ ተራ ነኝ፣ ፖምፓ ልገዛ ነው፣ የቱን ልውሰድ?» ሲለኝ በስልክ ልነግረው ሞክሬ ስላቃተኝ ነው። ነገሩ ረጅም ነው።

መኪናዬ አይሱዙ ኤንፒአር ናት። ባለ አራት ሲሊንደር፣ ኮምፒውተር የሌላት፣ ያደገችውም ያረጀችውም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ከቢቸናና ከደጀን እህል ይዤ እህል በረንዳ አራግፋለሁ፣ ስመለስ ያገኘሁትን እጭናለሁ። ሲሚንቶም ቢሆን፣ ቆርቆሮም ቢሆን፣ ቢራም ቢሆን።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የናፍጣ ሞተር እሳት የሚለኩስ ካንዴላ የለውም። አየሩን ጨፍልቆ ያግለዋል፣ ናፍጣው በትክክለኛዋ ቅጽበት በግፊት ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ናፍጣውን እየመጠነ የሚልከው ዋናው ፖምፓ ነው። ዋናው ፖምፓ ግን ሄዶ ከታንክ አይስብም። የተከበረ ሽማግሌ በሉት፣ ቀርቦለት ነው የሚበላው። የምታቀርብለት ደግሞ ከጎኑ በሦስት ብሎን የታሰረችው፣ ጡጫ የምታክለው ትንሿ ፖምፓ ናት። አንዳንዱ ፊድ ፓምፕ ይላታል፣ አንዳንዱ የእጅ ፖምፓ፣ አናቷ ላይ አየር ለማስወጣት በእጅ የሚጫኑት ነገር ስላለ። ናፍጣውን ከታንክ ትስባለች፣ በሁለት ባር አካባቢ ገፍታ በፊልትሮ ታሳልፈዋለች፣ ለዋናው ታደርሳለች። ውስጧን ብትከፍቱት አንድ ፒስተን፣ አንድ ሞላ፣ ሁለት ትናንሽ ቫልቮችና ፒስተኗን የሚገፋ እርሳስ የማያክል ዘንግ ነው ያለው። በቃ ይኸው ነው። አንድ ልጅ በአንድ ከሰዓት ሊማራት ይችላል። ለዚህ ነው የናቅኳት።

የመጀመሪያዋ ስትደክም በወጉ ነው የደከመችው። ጠዋት ጠዋት መነሳት ከበዳት። ሌሊት ናፍጣው ወደ ታንክ እየተመለሰ፣ ንጋት ላይ ሃያ ሠላሳ ጊዜ በእጅ ካልተጫነች አትነሳም። ሱሉልታ አጠገብ ያለው መካኒኬ፣ እኔ ጋሼ ነው የምለው፣ ከመንጃ ፈቃዴ በፊት ጀምሮ ናፍጣ ሲያሸት የኖረ ሰው ነው፣ ከፈታት በኋላ ብርሃን ላይ አዟዟራትና «ልጄ፣ ይቺ ቫልቯ ነው የሳሳው። ፒስተኗ ገና ነው። ሁለት ቀን ስጠኝ» አለኝ።

ሁለት ቀን! ጭነት ተነጋግሬ፣ ነጋዴው በየሰዓቱ እየደወለ፣ ሁለት ቀን? «አይ ጋሼ፣ አዲስ እገዛለሁ» አልኩ። አሮጌዋን እንኳ ይዤ አልሄድኩም። በሳምንቱ ጋራዡ በር ላይ ቆራሌው ሲጮህ፣ ከተሰበሩ ብረቶች ጋር በማዳበሪያ ከረጢት ጭኖ ወሰዳት። ስንት እንደከፈለኝ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሁለት ማኪያቶ አይገዛም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። እኔ ሮጥኩ።

ሶማሌ ተራን የማያውቅ ሹፌር የለም። የማይገኝ ነገር የለበትም፣ የሚገኘው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ነው ጣጣው። ሻጩ ሦስት ካርቶን ባንኮኒው ላይ ደረደረልኝ። ሦስቱም ላይ የጃፓን ስም አለ። ዋጋቸው ግን ሰማይና ምድር ነው። «ይሄኛው ኦርጅናል፣ ይሄኛው ኮፒ ግን ጥሩ ኮፒ፣ ይሄኛው...» ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ። ኦርጅናል ያለው ከርካሹ አራት እጥፍ ይበልጣል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ምን እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። «ጥሩ ኮፒ» የተባለውን ወሰድኩ። ፌስታል ውስጥ ሲያደርግልኝ ቀላል እንደሆነች እጄ ነግሮኝ ነበር። አሮጌዋ ብረት ብረት ትል ነበር፣ ይቺ ጣሳ ጣሳ። አልሰማሁትም።

ገጠምናት፣ አንድ ጊዜ ተነሳች። ረዳቴ አጨበጨበ። አምስት ሳምንት የሚያህል እንደዚያ ስትነሳ «ያ ሽማግሌ ሁለት ቀን ሊያቆመኝ ነበር» እያልኩ ለሰው ሳወራ ነበር።

ወደ በረሃው ልመለስ።

የሚገርመው ነገር፣ ስትቆም ገደል የገባች መስላ ነው፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስትነሳ ግን ምንም ያልሆነች። ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ቆማ እንደ ሰዓት ትቆጥራለች። በእጅ ሲጫኗት ትጠነክራለች። ስለዚህ ፖምፓዋን አልጠረጠርንም። ፊልትሮውን ፈታን፣ ንጹሕ ነው። ቱቦውን ከታንክ ጀምሮ ዳሰስን፣ አልተቀደደም። ደግሞ ጎማው አልፎ አልፎ ከውስጥ ይላጥና መንገዱን ይዘጋል ሲሉ ሰምቼ ስለነበር ነፋሁበት፣ ክፍት ነው። አስነስቼ አንደኛ አስገባሁ፣ መቶ ሜትር ወጣች፣ ሳለች፣ ቆመች። እንደገና። እንደገና። ሦስተኛው ላይ ረዳቴ ታኮውን ሲያስቀምጥ ጣቱን ሊቀረጥፈው ነበር። ከኋላችን ሁለት ተሳቢ መጥቶ ቆሟል፣ ክላክሱን ሲለቀው ገደሉ መልሶ ያስተጋባዋል።

አንድ የአይሱዙ ኤፍኤስአር ሹፌር ከላይ ሲወርድ አየንና ቆመ። ወረደ። ሰላምታ እንኳ አልጨረሰም፣ «ጭነት ላይ ነው አይደል የምትቆመው? ባዶ ላይ ደህና ናት?» አለ። አዎ አልኩት። «ወንድሜ፣ ናፍጣው እየደረሳት አይደለም። አሁን እሱን አንመረምርም። ጀሪካን አለህ?»

ቢጫ ሃያ ሊትር ጀሪካን ነበረን፣ የውሃ። ውሃውን ደፍተን በደንብ አራግፈን ፀሐይ ላይ ገለበጥነው፣ በዚያ ሙቀት ለመድረቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ከታንኩ ሥር ያለውን ብሎን ከፍተን ናፍጣ ቀዳን። ሰውዬው ከመኪናው ሦስት ሜትር የሚሆን ላስቲክ ቱቦ አመጣ። ጀሪካኑን ካሶኒው ፊት ለፊት፣ ከጤፉ በላይ፣ በሲባጎ አሰርነው። ቱቦውን አውርደን ትንሿን ፖምፓ ዘለን በቀጥታ ፊልትሮው መግቢያ ላይ አስገባነው። በአፌ የሳብኩት እኔ ነኝ። ናፍጣ አፍ ውስጥ ሲገባ የሚያቃጥል እንዳይመስላችሁ፣ ይቀባል። ሦስት ቀን ሙሉ እንጀራው፣ ቡናው፣ ምራቄም ሳይቀር ናፍጣ ናፍጣ አለኝ።

ተነሳች። ከፍታው ራሱ ይገፋዋል። ጉልበቷ እንደ ድሮው አይደለም፣ ግን አትቆምም። ረዳቴ ጤፉ ላይ ተቀምጦ ጀሪካኑን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ሰው በእግሩ እየቀደመን፣ ጎሐ ጽዮን ስንደርስ መሽቷል። (ሞተሩ በጋለበት ናፍጣ እላዩ ላይ አንጠልጥሎ መሄድ እሳት መጫን ነው። አማራጭ ስላጣን ነው እንጂ አድርጉት እያልኩ አይደለም።) ያ ሹፌር ቱቦውን ጥሎልን ሄደ። ስሙን አልጠየቅኩትም። ታርጋውን እንኳ አላየሁም፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጋሼ በማግስቱ ሲፈታት ሞላዋ ከሁለት ተሰብራለች። መዳፌ ላይ ሁለቱን ቁራጭ አስቀመጠልኝ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሁለቱ ቁራጮች እርስ በርስ ተደራርበው ትንሽ ትንሽ ይገፋሉ። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚፈልገው ጠብታ ስለሆነ ያቺ ትንሽ ትበቃዋለች። ዳገት ላይ ጭኖ ሲጠይቅ አይደርስም። በእጅ ስንጫን የጠነከረችው የእጁ ክፍል ለብቻው ስለሚሠራ ነው፣ ያችን ሞላ አይጠቀማትም። ማለትም ፖምፓዋ ጋራዥ ውስጥ ሁሉንም ፈተና ታልፋለች፣ የምትወድቀው አባይ በረሃ ላይ ነው። የሚያናድደውም ይሄ ነው። ቆማ የምትበላሽ ዕቃ የትም ትበላሽ፣ እዳው ገብስ ነው። እንደዚህ ዓይነቷ ግን የምትበላሽበትን ቦታ መርጣ ነው።

ከሞላው ጋር ሌላ የከፈልኩት ነገር አለ። ጤፉ በአንድ ቀን ዘግይቶ ገባ፣ ነጋዴው ከኪራዩ ቆረጠ፣ ለረዳቴ፣ ለአልጋ፣ ለጋሼ ከፈልኩ። ደምሬ ሳየው ከኦርጅናሉ ዋጋ አልፏል።

ስለዚህ ሦስተኛዋን ስገዛ ብልጥ ሆንኩ። ማለት፣ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። ሌላ ሱቅ ገባሁ፣ ውዱን አምጣ አልኩ። ካርቶኑ ያምራል፣ የሚያብረቀርቅ ምልክት አለበት፣ ውስጡ በዘይት ወረቀት ተጠቅልላ ነው የተቀመጠችው። ክብደቷም ደህና ነው። ከፈልኩ። ሁለት ወር እንደ ሙሽራ አገለገለችኝ።

ዘይት የሚጨምር ሞተር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አየሁ። ጠዋት የዘይት መለኪያውን ሳብ ሳደርገው ከላይኛው መስመር ትንሽ አልፏል። ረዳቴ «ተመስገን ነው፣ ጠብታ ዘይት አትበላም!» አለ። እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። በሳምንቱ አንድ ጣት ጨመረ። ያኔ ደስታው አለቀ። የሚቀንስ ዘይት ያሳስባል፣ የሚጨምር ዘይት ግን ያስፈራል፣ ምክንያቱም ዘይት በራሱ አይወልድም፣ የሆነ ነገር እየገባበት ነው።

ጋሼ መለኪያውን አሸተተ። ምንም አላለም። ከመስኮቱ ላይ አሮጌ ጋዜጣ አንስቶ አንድ ጠብታ አንጠባጠበና ሻይ ጠጣን። ስንመለስ ጥቁሩ ነጥብ መሃል ላይ እንዳለ ነው፣ ዙሪያውን ግን ሰፋ ያለ፣ የሚያስተላልፍ ቀለበት ሠርቷል። «ይሄ ዳሩ ላይ ያለው ናፍጣ ነው» አለ በጥፍሩ እየነካ። ንጹሕ ዘይት እንደዚያ አይሸሽም።

መንገዱ እንዲህ ነው። ያቺ እርሳስ የማታክለው ዘንግ በአንድ በኩል ናፍጣ ውስጥ ያለችውን ፒስተን ትገፋለች፣ በሌላ በኩል ደግሞ ጫፏ የዋናው ፖምፓ ሆድ ውስጥ፣ ዘይት ውስጥ ነው ያለችው። የኔ ሞተር ላይ የዋናው ፖምፓ ዘይት ከሞተሩ ዘይት ጋር አንድ ነው። ዘንጓ ቀዳዳዋን ልክ ካልሞላች፣ ናፍጣው በዳሯ እያለፈ ወደ ሞተሩ ዘይት ይወርዳል። ከውጭ አንድ ጠብታ አይታይም። ፖምፓዋም ሥራዋን አላቋረጠችም። ዘይቱ ግን ይቀጥናል፣ የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት መለየት ያቅተዋል፣ የክራንክ ሻፍቱ ብሮንዚና፣ የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚሽከረከርበት ማረፊያ፣ ይበላል። አንድ ወር ዘግይቼ ቢሆን ኖሮ ይሄ ጽሑፍ ስለ ሞተር እድሳት ይሆን ነበር። ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፣ አንዴ ለማጠብ አንዴ ለማደር።

ሱቁ ሄድኩ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀት ከጀርባው ተለጥፏል። ሻጩ ፖምፓዋን አገላብጦ አየና «ወንድሜ፣ ይሄ የነዳጅህ ችግር ነው» አለኝ። ተናደድኩ። ግን እውነቱን ለመናገር ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው ማለት አልቻልኩም። ማደያ ሰልፍ ሲረዝምብኝ መንገድ ዳር ከበርሜል የቀዳሁበት ቀን አለ። ውስጡ ውሃ ይኑር፣ ነጭ ጋዝ ይኑር ማን ያውቃል። ናፍጣ ለነዚህ ዕቃዎች ነዳጅ ብቻ አይደለም፣ ማለስለሻቸውም እሱ ነው። ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ ሲገባበት ቅባቱ ይሄዳል፣ ብረት ብረትን ይፍቃል። እሱ ያንን ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ግን አሮጌዋ እኮ ያንኑ ናፍጣ ጠጥታ ነው የኖረችው! ይሄን ስለው ወደሚቀጥለው ደንበኛ ዞረ።

እዚህ ላይ አንድ ራሴን የማጋልጥበት ታሪክ ጣል ላድርግ። በመሃል አንድ ቀን ሙከጡሪ አካባቢ ቆመችብኝና ፖምፓዋን ረግሜ፣ ሻጩን ረግሜ፣ የጃፓንን ንጉሥ ልረግም ምንም አልቀረኝም። ፖምፓዋ ምንም አልሆነችም። የታንኩ ክዳን ከተሰረቀ ቆይቷል፣ ረዳቴ አፉን በፌስታልና በጨርቅ ግጥም አድርጎ አስሮታል። አየር አይገባም። ፖምፓዋ ናፍጣውን በሳበች ቁጥር ታንኩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠራል፣ በመጨረሻ መሳብ ያቅታታል። ፌስታሉን ስፈታው ፍፍፍፍ ብሎ አየር ሳበ። ተነሳች፣ ሄድን። ሁለታችንም እስከ ጫንጮ አልተነጋገርንም።

አሜሪካ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ፣ እሱም ጭነት ነው የሚሠራው። ይሄን ሁሉ ሳወራው ሳቀና «እኛ ጋ ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው» አለኝ። በፈረንጅ ከ1998 አጋማሽ እስከ 2002 የተሠሩት የዶጅ ራም ፒክአፖች፣ ባለ ከሚንስ ሞተሮቹ፣ ከፋብሪካ ይዘውት የወጡት ትንሹ የነዳጅ ፖምፓ ደካማ በመሆኑ የታወቁ ናቸው። እሱ ሲደክም ቪፒ44 የሚባለው ዋናው ፖምፓ ይቃጠላል፣ ምክንያቱም የሚቀዘቅዘውም የሚለሰልሰውም በሚያልፍበት ናፍጣ ነው። ስለዚህ የነዚያ መኪኖች ባለቤቶች ኦርጅናሉን አውጥተው ጥለው ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ጠንካራ ፖምፓ ነው የሚገጥሙት። ይሄን ከሰማሁ በኋላ «ኦርጅናል» የሚለው ቃል እንደ ድሮው አያስደነግጠኝም። ሰዎቹ ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ሲገዙ ማን እንደሠራው ያውቃሉ፣ ስንት ግፊት እንደሚሰጥ ያውቃሉ፣ ዳሽቦርድ ላይ ጌጅ ገጥመው ያዩታል። እኔ የገዛሁት ካርቶን ነው። ማን እንደሠራት የሚያውቅ ሰው በሶማሌ ተራ አልነበረም። ሻጩም ጭምር። እሱም ከአስመጪ ነው የተረከባት፣ አስመጪውም ከሆነ መጋዘን።

«አሮጌዋ የት አለች?» አለኝ ጋሼ።

«ለቆራሌው ሰጠኋት።»

ዝም አለ። ረጅም ዝምታ። እጁን በጨርቅ ጠርጎ «ና» አለኝና አብረን ወረድን። አዲስ ዕቃ ወደሚሸጡት አልሄደም። ከኋላ፣ መሬት ላይ አሮጌ ብረት ዘርግተው ወደሚቀመጡት ነው የወሰደኝ። የኔንም ቆራሌው ምናልባት ወደዚያ ሳያመጣት አይቀርም፣ በዓይኔ ስፈልጋት ነበር። ጋሼ ተቀምጦ አንድ በአንድ ማንሳት ጀመረ። ያችን የከሸፈችውን ሦስተኛ ፖምፓ በእጁ ይዟል፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት ከሷ ጋር ያስተያያል፣ የዘንጓን ርዝመት በጥፍሩ ይለካል። ሰባት ስምንት ጣለ። በመጨረሻ አንዲት ጥቀርሻ የለበሰች አነሳና በአውራ ጣቱ ፋቅ ፋቅ አደረጋት። በብረቱ ላይ የተጻፈው ዲዝል ኪኪ ይላል።

ታሪኩን ኋላ ነው ያነበብኩት። የጀርመኑ ቦሽ የናፍጣ ፖምፓን በብዛት ማምረት የጀመረው በ1927 ነው። ዲዝል ኪኪ ደግሞ በ1939 ጃፓን ውስጥ፣ በቦሽ ፈቃድ ያንኑ ሊሠራ ተቋቋመ። በ1990 ስሙን ዜክስል ብሎ ለወጠ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ስለዚህ ያቺ ከቆሻሻ መሃል የተነሳች ብረት ቢያንስ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው። ከረዳቴ ትበልጣለች።

ባለቤቱ ፍላጎታችንን አይቶ ዋጋ ሰቀለ። ጋሼ መልሶ አስቀምጧት ተነሳ። ሰውየው ጠራን። ይሄ ሦስት ጊዜ ተደገመ፣ ዝርዝሩን ልለፈው።

ጋራዥ ስንመለስ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። ያኔ መጀመሪያ «ሁለት ቀን ስጠኝ» ያለኝ ያው ሁለት ቀን። በናፍጣ ዘፍዝፎ አጠባት። ዘንጓን አውጥቶ ጠርጎ፣ እንደገና አስገብቶ በጣቱ ግራ ቀኝ ገፋት፣ ንቅንቅ አትልም። አውጥቶ ሰጠኝና ያችን የሦስተኛዋን ደግሞ በሌላ እጄ አስያዘኝ። «አስገባና ነቅንቅ።» የኔዋ አዲሲቷ ስትነቃነቅ ትሰማለች፣ ቀጭን ቅጭልጭል። የሠላሳ አምስት ዓመቷ ድምፅ የላትም። በነዚህ ዕቃዎች ትልቁ ዓለም፣ ዋናው ፖምፓ ውስጥ፣ ፒስተኑና ቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ከሁለት እስከ አራት ማይክሮን ነው። አንድ የሰው ፀጉር ሰባ ማይክሮን አካባቢ ነው። ትንሿ ያን ያህል ጥበት አይጠበቅባትም፣ ግን ቅጭልጭል ትበል ማለት አይደለም።

ቫልቮቹን ቀየረ። ሞላዋን ቀየረ፣ አዲሱን ከአሮጌው ጎን አቁሞ ቁመቱን አስተያይቶ። የቫልቭ ማሻሻ ቅባት ቀብቶ ማረፊያዎቹን በክብ በክብ እያሸ አስተካከላቸው፣ ሬዲዮ እየሰማ፣ ሳይቸኩል። የመዳብ ሮንዴላዎቹን አዲስ አደረገ። መግቢያው ብሎን ውስጥ ያለችውን ጣት የማታስገባ ወንፊት አውጥቶ አሳየኝ፣ ቆሻሻ ደፍኗታል። «ይቺን ማንም አያውቃትም» አለ። እኔም አላውቃትም ነበር፣ ስንት ዓመት ነድቼ።

አሁን ዕቃ ልገዛ ስሄድ ትንሽ ላስቲክ ቱቦና በሃይላንድ ናፍጣ ይዤ ነው የምሄደው። ሻጮቹ ይስቁብኛል፣ አንዱ «ሱቄን ማደያ አደረግከው» ብሎኛል። ይሳቁ። መግቢያዋን በአውራ ጣቴ ደፍኜ አናቷን እጫናለሁ፣ ጣቴን መሳብ አለባት። ለቅቄ ትንሽ እቆያለሁ፣ ጣቴን ቶሎ ከለቀቀችው ቫልቯ አይይዝም። ዘንጓን እነቀንቃለሁ። ከዚያ ቱቦውን ናፍጣው ውስጥ ከትቼ ስንት ጊዜ ስጫን እንደምታመጣ እቆጥራለሁ። ይሄ ሁሉ ሞላዋ በስድስተኛው ሳምንት እንደማትሰበር አይነግረኝም፣ ያንን የሚነግር ምርመራ ባንኮኒ ላይ የለም። ግን ይሄን ላድርግ ስለው ፊቱ የሚለወጥ ሻጭ አለ፣ «አድርግ» የሚል ሻጭም አለ። ከሁለተኛው ነው የምገዛው።

ለዚያ ለደወለልኝ ወዳጄ ግን ይሄ አይሠራም። የሱ መኪና አዲስ ነው፣ ኮመን ሬይል፣ ናፍጣው ከአንድ የጋራ ቱቦ (ሬይል) ለሁሉም ሲሊንደር የሚታደልበት። እዚያ ጋ ግፊቱ 1600 ባርና ከዚያ በላይ ነው፣ ናፍጣውን ሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጩት የኔ መርጫዎች የሚከፈቱት በሁለት መቶ አካባቢ ሆኖ። የሱ ዋና ፖምፓ ኮፒ ሆኖ ቢላላጥ የብረት ብናኙ በሬይሉ አልፎ መርጫዎቹን ሁሉ ይጨርሳል፣ በመመለሻው ታንክ ድረስ ይሄዳል። ፖምፓ መቀየር መሆኑ ቀርቶ ሲስተሙን በሙሉ መቀየር ይሆናል። እሱን «ካርቶን አትግዛ፣ ያንተን ፍታና መፈተሻ ማሽን ላይ የሚያወጣልህ ቦታ ውሰደው፣ መኪናው ይቁም» ነው ያልኩት። «ስንት ቀን?» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ራሴን ሰማሁት። ገዝቶ ይሁን ጠግኖ እስካሁን አልደወለም።

የኔዋ ሰባት ወሯ ነው። የሞተችው ሁለተኛዋ ፖምፓ ከነተሰበረ ሞላዋ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ናት፣ የዚያ ሹፌር ቱቦ ደግሞ ከወንበሩ ኋላ ተጠቅልሎ አለ፣ ካገኘሁት እመልስለታለሁ። ረዳቴ ለታንኩ ቁልፍ ያለው ክዳን ገዝቷል፣ በራሱ ብር፣ ሳልጠይቀው።

ዛሬ ጠዋት ደጀን ላይ፣ ሳላስነሳት አናቷን ተጫንኩ። በመጀመሪያው ጠነከረች፣ ናፍጣው ሌሊቱን አልሸሸም። መለኪያውን ሳብኩ፣ መስመሩ ላይ ነው፣ አልጨመረም። አሸተትኩት። ዘይት ዘይት ይላል። ጫኞቹ የመጨረሻውን ኩንታል እያነሱ ነው፣ እኔም ስልኬን ልዝጋ።